ፍቅረ ሥላሴ ሳይዘጋው የሄደው ኮምፒውተር

ፍቅረ ሥላሴ ኮምፒውተር ዘግቶ አያውቅም ነበር። ሌላው ሰው ሲመሽ የከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘግቶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ይሄዳል። እሱ ግን የሚጽፈውን ማመልከቻ ከመካከል ይተወዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አይጨርሰውም። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ «ሃይበርኔት» የሚለውን ይጫንና ክዳኑን ይከድናል። ሚስቱ ሽታዬ በዚህ ነገር ተናዳ አትጠግብም ነበር።

«ምን አለበት እስከ አራት ነጥቡ ብታደርሰው?» ትለዋለች።

«ከጨረስኩት ነገ ጠዋት ምን ይዤ ልጀምር ነው? እጄ እንደ በሬ ነው፤ ትልሙ መሃል ካላቆምኩት በማግስቱ አይጎትትም።»

«በሬውን ደግሞ ከነቀንበሩ ነው የምታሳድረው!»

«ከነቀንበሩ» ብሎ ይስቃል። መርጡለ ማርያም የገበሬ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው፤ ስለ ኮምፒውተር ሲያወራ እንኳ ከእርሻ አይወጣም።

ሱቃቸው ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሽታዬ ጽሕፈት የተማረችው ገና ልጃገረድ ሳለች በታይፕ ነው። በታይፕ የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን አውጥቶ ጥሎ እንደገና መጀመር አለበት፤ ስለዚህ አለመሳሳትን ተማረች። ኮምፒውተር መጥቶ ስሕተት በቀላሉ የሚታረም ሲሆን እንኳ አልተሳሳተችም። ርእስ አንዲት ጣት ወደ ግራ ካዘነበለ ወረቀቱን ለባለጉዳይ አትሰጥም። ጠበቆች ይህን ስለሚያውቁ አቤቱታቸውን ለእሷ ይዘው ይመጣሉ፤ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ የሚሄዱት ጨዋታ የሚፈልጉት ናቸው።

ዴስክቶፑ የእሷ፣ ላፕቶፑ የእሱ ነበር። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሱ ስክሪን ግን ወደ ግድግዳው የዞረ ስለሆነ ምን እንደሚሠራ አታይም። ፀጥ ሲልባት «ምን እያደረግህ ነው?» ትለዋለች። «ሥራ ላይ ነኝ» ይላታል፤ ቀና ሳይል።

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የፎቶ ኮፒ ቀለም አለቀባቸውና ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት እንደ ልማዱ ላፕቶፑን ከድኖ መደርደሪያው ላይ አኖረው። በመመለሻው አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተገለበጠ። ደጀን ሊደርሱ ጥቂት ዳገት ነበር የቀራቸው።

ልብሱ ለነዳያን ተሰጠ። ጋቢውን እናቱ ወሰዱት። ስለ ላፕቶፑ ግን ማንም አልጠየቀም፣ ሽታዬም አላነሣችም። አንድ ጊዜ ጠፍቷል መስሏት ልታበራው ስትል የነገራት ትዝ ይላታል፦ «ተዪው፣ አልጠፋም፤ ተኝቷል። ስትቀሰቅሺው ካቆምኩበት ነው የሚነሣው።» ስለዚህ እዚያ ውስጥ የዚያ ምሽት ሥራ እንዳለ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ አልቋል፤ ያ ምሽት ግን አላለቀም። ሽታዬ በዚህ እርግጠኛ ነበረች።

ያላወቀችው አሠራሩን ነው። የተኛ ነገር ይተነፍሳል፤ የሚተነፍስ ነገር ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል ብላ አሰበች። የኮምፒውተር ቀለቡ መብራት ነው። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ መደርደሪያው ላይ ሰክታ አኖረችው፤ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የቻርጀሩን ትንሽ መብራት ሆነ። መብራት በጠፋ ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ትታ ወደ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካይ ትሮጣለች፤ እሱ ጄኔሬተር አለው።

«እትዬ ሽታዬ፣ ፎቶ ኮፒ እንዳይሠሩበት ብቻ! ጄኔሬተሯ አቅም የላትም።»

«አልሠራበትም።»

«ታዲያ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ምንም።»

«ለምንም ከሆነማ ይውሰዱ» ይልና ገመዱን በመስኮት ያቀብላታል። ከኋላዋ ለደንበኛው ሲያወራ ትሰማዋለች፦ «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ተዋት።»

በዚያው ዓመት ክረምት መብረቅ የሰፈሩን ትራንስፎርመር መታው። ሰፈሩ በሙሉ ለቀናት ጨለማ ሆነ። ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጨረሰ። ሽታዬ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብላ የቻርጀሩን የጠፋ መብራት ስታይ ዋለች። ላፕቶፑን ከፍታ ማየት አልደፈረችም፤ ባዶ ሆኖ ብታገኘውስ? ሱቁን ዘጋች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ለማንም አልተናገረችም። ባሌ ዳግመኛ ሞተ ብላ ለማን ትናገራለች? መብራት ሲመለስ ቻርጀሩን መልሳ አልሰካችም። ላፕቶፑን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው፤ ስትሸከመው ክብደቱ ያው መሆኑ ገርሟት ነበር።

የሙት ዓመቱ ሲደርስ አማቷ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከመርጡለ ማርያም መጡ፤ መጥተውም አልተመለሱም። «ወዴት ልመለስ? እዚያ ያለው መሬት ነው፤ እዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ቀን ቀን ሱቁ ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ባለጉዳይ ሲገባ ከእግሩ እስከ ራሱ ያዩታል፤ ሲወጣ ደግሞ ስለ ጉዳዩ ይፈርዳሉ።

በተከታዩ ግንቦት፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሊያስመርቅ ሲል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ የሽታዬ ዴስክቶፕ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማና ቆመ። አወቀ ተጠራ። አወቀ የፍቅረ ሥላሴ የልብ ጓደኛ ነው። ኮምፒውተር ጥገና ከመማሩ በፊት ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ ሲቀመጥ ጉባኤ የተቀመጠ ይመስላል። ማሽኑን ፈቶ፣ አሽትቶ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ እት ሽታዬ። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል። የፍቅሬ ላፕቶፕ የት አለ?»

«እሱም ሞቷል።»

«ምን ሆኖ?»

ጊዜ ወስዶባት ነገረችው፤ ስለ ቻርጀሩ፣ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ትራንስፎርመሩ። አወቀ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«መጀመሪያ ስሚኝ» አላት። «የኔታ ዘንድ ስንማር ትምህርቱን በቃላችን ነው የምንይዘው። ልጁን ንዳድ ቢይዘው፣ ቢቃዥ፣ በቃሉ የያዘው ይጠፋል። ኮምፒውተርም በቃሉ የሚይዝበት አለው፤ ሜሞሪ ነው። መብራት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ መብራት ካጣ ይረሳል። 'ስሊፕ' ያደረግሽው ኮምፒውተር በቃሉ ይዞ የተኛ ተማሪ ማለት ነው። ለእሱ ብትፈሪ እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ ይኸው።»

«ቆይ እንጂ! ፍቅሬ ስሊፕ አያደርግም ነበር። እሱ የሚያደርገው ሃይበርኔት ነው። ሃይበርኔት በቃሉ ያለውን ሁሉ፣ የተከፈተውን፣ የተጻፈውን፣ ጠቋሚዋ የቆመችበትን ሳይቀር ብራና ላይ ይጽፈዋል። ብራናውን ማኅደር ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ብራናው ሃርድ ዲስኩ ነው። ብራና መብራት ይበላል?»

«ብራና የሚፈራው አይጥ ነው» አሉ እማሆይ ከጥግ።

«ይባርክዎት፣ እማሆይ! አይጥ ካልበላው አለ።»

ሽታዬ እጇን ዴስክቶፑ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «አለ ነው የምትለኝ? አሁንም?»

«ዲስኩ ደኅና ከሆነ አለ። ያለ ቻርጀር ዐሥር ዓመት ብታስቀምጪውም አለ። ብራናው ግን ዋጋ አለው፤ ቦታ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ በቃሉ የሚይዘውን ያህል ቦታ ዲስኩ ላይ ይከለላል። የሱ ሜሞሪ ሁለት ጊጋ ነው፤ ብራናውም ሁለት ጊጋ ነው። ያ ቦታ ለሌላ ፋይል አይሰጥም።»

«የተኛ ነገር ባይኖርበትስ?»

«ባይኖርበትም። ባዶውን ይጠበቃል።»

ሽታዬ ወደ መንገዱ ዞረች። አልጋ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ዳር ላይ ነው የምትተኛው፤ በግድግዳው በኩል ያለውን የእሱን ቦታ በእንቅልፍ ልቧ እንኳ አትነካውም። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ አሁንም አልተናገረችም።

«በይ አምጪውና እንቀስቅሰው፤ ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው» አለ አወቀ።

«ዛሬ አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩህ፣ አወቀ።»

ምክንያቷን ለራሷም በትክክል ማስረዳት ከበዳት። እስካልተከፈተ ድረስ ያልመሸ አንድ ምሽት አላት። ሲከፈት ግን ከዚያች ሰዓት ወዲህ ያለው ጊዜ ሁሉ ተንጋግቶ ይገባል። አወቀም ሳያውቅ ያሰበችውን አረጋገጠላት፦ ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትቆጥር ትንሽ ባትሪ አለች፤ ሲነሣ እሷን አይቶ የዛሬውን ቀን ያደርጋል። ሽታዬ ተማሪዎቹን ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ላከቻቸው። ግማሾቹ ተቆጡ፤ አንዷ ልታለቅስ ደረሰች። በየቀኑ ባለጉዳይ ስትመልስ ከሱቁ የሚርቀው ሰው በዛ።

እማሆይ ግን ዝም የሚሉ አልነበሩም። «ልጄ የሠራበትን ሳላይ ልሙት?» ይላሉ ማታ። ጠዋት ደግሞ፦ «ፈርተሽ ነው። እኔም እፈራለሁ። ሁለት ፈሪ አንድ ደፋር አያክልም?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ከውስጥ ቆልፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽታዬ ነጠላውን ፈታች፤ ቻርጀሩን ሰካች፤ ቁልፉን ተጫነች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ እየተመለሰ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ አንዲት መስመር ቀስ እያለች ሞላች። እማሆይ አማተቡ።

ከዚያ ድንገት ሁሉም ነበረ። እንዳላማው የሚባል የደጀን ገበሬ ለወረዳ የሚያስገባው የመሬት ማመልከቻ ተከፍቶ ነበር፤ «ይኸው ድንበር ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ» ከሚለው አጠገብ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከማመልከቻው በስተጀርባ አንድ አረንጓዴ ነገር ጫፉ ታየ። ታች በስተቀኝ ሰዓቱ የዚያን ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። ሽታዬ ልታየው ስትጎነበስ ሰዓቱ ዘለለ፤ የዛሬ እሑድ ሆነ። ከዓይኗ ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነበር።

«ያ አረንጓዴው ምንድን ነው?» አሉ እማሆይ።

ሽታዬ ማመልከቻውን ገለል አደረገችው። ካርታ ነበር። ሰባት ረድፍ ካርታ፤ ቀይና ጥቁሩ ተደርድሮ፣ ጨዋታው ከግማሽ በላይ ሄዶ ቆሟል።

«ካርታ! ልጄ ካርታ ይጫወት ነበር?»

«ሥራ ላይ ነኝ ይለኝ ነበር» አለች ሽታዬ፤ ሳቋም ከየት እንደ መጣ ሳታውቀው አመለጣት። «ስንት ዓመት፣ እማሆይ! ስንት ዓመት አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሥራ ላይ ነኝ!»

እማሆይም ሳቁ፤ ሲስቁ ዕንባቸው መጣ። እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸው ጣት ያረፈበትን የፊደል ቁልፍ ዳሰሱት። ማመልከቻው ላይ አምስት ስድስት ፊደል ተከታትሎ ተጻፈ።

«ኧረ እኔን! ምን አደረግሁ?»

«ግድ የለም፣ ይጠፋል» አለች ሽታዬ፤ አጠፋችውም። ዲስኩ ሊሞላ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ቢጫ ጽሑፍ ከታች ብቅ ብሎ ነበር፤ እሱንም ዘጋችው። ከዚያ ምንም ሳትነካ ቆየች። መሸት ሲል እንደ እሱ ሃይበርኔት አድርጋ ክዳኑን ከደነች። ያገኘችውን መልሳ የሸሸገች መስሏት ስለ ነበር ያን ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኛች።

ሰኞ አወቀ ሲመጣ በደስታ ተቀበለችው።

«ከፈትነው! ሁሉም አለ፤ ካርታውም አለ። አንተ ታውቅ ነበር?»

«ማን ያስተማረው ይመስልሻል?»

«አይ አንተ! አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። የእሑዱን ሳይሆን የሱን ምሽት አምጣልኝ። እማሆይ ሳይነኩት የነበረውን። ሰዓቷን ሳላያት ዘለለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ልያት።»

አወቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ማታ መልሰሽ አስተኛሽው?»

«እንደ እሱ አድርጌ።»

«እት ሽታዬ... ብራናው አንድ ነው። ሁለት ብራና የለውም።»

«እና?»

«ትናንት ስታስተኚው የትናንቱን ነው የጻፈው። የት ላይ ይጻፈው? እዚያው ላይ። የፊተኛው ተፍቋል። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ልነግርሽ ይገባ ነበር። የምታውቂው መስሎኝ!»

ሽታዬ የከደነችውን ላፕቶፕ ወደ ራሷ ሳበችው። ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር የፋቀችው ልትጠብቀው ስትል ነው፤ እሱ ባስተማራት መንገድ፣ በገዛ እጇ።

«እኔ ነኝ እንጂ! ጣቴ ይቆረጥ» አሉ እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጥለው።

«እርስዎ አይደሉም፣ እማሆይ። ባይነኩትም ያው ነበር።»

«ያው ነበር» አለ አወቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዴ ከተነሣ ያ ጽሑፍ ተነቦ አልቋል። ባታስተኚውም ለዳግመኛ አይነሣም ነበር።»

ውጭ አንድ ተማሪ በሩን አንኳኳ፤ እትዬ ዛሬስ ይሠራሉ ወይ አለ። ሽታዬ ቆይ አለችውና ላፕቶፑን ከፈተች። ማመልከቻው አለ፤ ካርታው አለ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ሰዓቱ ግን ትናንት ማታ እሷ የተወችው ነበር፤ ዛሬ ወደ ሆነው ሲዘል በደንብ አየችው፤ ምንም አልመሰላትም።

የተማሪውን ፍላሽ ተቀብላ ጽሑፉን ልትገለብጥ ሞከረች። የመሬት ካርታና ፎቶግራፍ የበዛበት ጥናት ነው፤ ማሽኑ ቦታ የለኝም አለ።

አወቀ አየው። «ሞልቷል። ሁለት መንገድ አለሽ፤ የፍቅሬን የድሮ ጽሑፎች እናጥፋ፣ ወይም ሃይበርኔቱን እናንሣው። እሱን ካነሣን ሁለት ጊጋው ወዲያው ይለቀቃል። ግን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሁሉን ዘግተሽ ነው የምትሄጂው፤ ጠዋት ከባዶ ነው የሚነሣው።»

«የሱን ጽሑፍ አንድም እንዳትነካ።»

«ሃይበርኔቱንስ?»

እማሆይ ከጥግ ሲያዩዋት ለሽታዬ ይታወቃታል። «እዚያ ቦታ ያለው የኔ እሑድ ነው» አለች በመጨረሻ። «የኔን እሑድ ምን ላደርገው? አንሣው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መጀመሪያ እኔ ልዝጋ።»

ማመልከቻውን ስትዘጋው ማሽኑ ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይቀመጥ አለችው፤ በእንዳላማው ስም ተቀመጠ። ካርታውን ስትዘጋው ምንም አልጠየቀም። አረንጓዴው ነገር ወዲያው ከስክሪኑ ጠፋ። አወቀ ማውሱን ተቀብሏት ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ አንዲት ምልክት አነሣ፤ የባዶ ቦታው ቁጥር ከፍ አለ። የሚታይ ሌላ ነገር አልነበረም። ተማሪው ገብቶ ተቀመጠ፤ ሽታዬም እስኪመሽ ድረስ ቀና ሳትል ሠራች።

ማታ የከፈተችውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘግታ ማሽኑን አጠፋችው። ጊዜ ወሰደባት፤ ፀጉር አስተካካዩ ዘግቶ ሄዶ ነበር፤ እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

በማግስቱ ስትመጣ ሁለት ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከፍታ ገባች፤ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ከባዶ ለመነሣት ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ አረንጓዴ ኮረብታና ደመና የተበተነበት ሰማይ የያዘ ሥዕል ስክሪኑን ሞላው። ይህ ሥዕል ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ነበር፤ ሽታዬ ግን ልብ ብላ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ የፍቅረ ሥላሴ ሥራ ተከፍቶበት ይሸፍነው ነበር። ኮረብታው ላይ ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ የታረሰ መሬት የለም። የሚጠብቃት ምንም ነገር አልነበረበትም። በግድግዳው በኩል ያለውን ወንበር አንድ ጊዜ ዞራ አየችው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኮረብታው።

«እትዬ፣ ተነሣ?» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ ከበሩ።

«ተነሥቷል» አለች። «ግባ፤ ፍላሹን አምጣ።»